አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ያለው ሞተሪኖ

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ መኪናዬን ለማስነሳት ቁልፉን ስጠመዝዝ፣ ከሞተሩ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁሉም ጸጥ አለ። የዳሽቦርዱ መብራት አልደበዘዘም፤ ባትሪውም ሲለካ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ማለትም ሙሉ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ የተመለከተው መካኒክ ግን ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በሙሉ መቀየር አለበት አለኝ።

ያ ድምፅ የሚወጣው ከሞተሪኖው ሶሌኖይድ ነው። ሶሌኖይድ በቱቦ ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ በመካከሉ ያለውን የብረት ዘንግ ይስባል። ዘንጉ ሲሳብ የሞተሪኖውን ፒኞን (ትንሿን ጥርሳም ጎማ) ከቮላኖው (ከሞተሩ ትልቅ ጥርሳም ጎማ) ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ ጉዞውን ሲጨርስም አንዲት የመዳብ ዲስክ ከሁለት የመዳብ ኮንታክቶች (የኤሌክትሪክ መገናኛ ጫፎች) ጋር ያጋጥማል። በትንሽ የቤንዚን መኪና እንኳ ከ100 አምፔር በላይ የሚሆነው ኃይል ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሻገረው በዚያች ዲስክ ላይ ነው፤ በቁልፉ ቀጭን ሽቦ ቢያልፍ ኖሮ ሽቦው ይቀልጥ ነበር።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ በሶሌኖይዱ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ነው። አንደኛው ሳቢ፣ ሌላው ያዥ ነው። ሳቢው ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ ነገር ግን የኤሌክትሪኩ መመለሻ በሞተሪኖው በኩል ስለሆነ፣ ዲስኩ ኮንታክቶቹን እንዳገናኘ በሁለቱም ጫፎቹ እኩል ቮልት ይደርሰውና ሥራውን በራሱ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉን ይዞ የሚቆየው ያዡ ብቻ ነው። ባትሪ ሲደክም ያለማቋረጥ የሚሰማው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ»ም ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ሞተሪኖው ኃይል ሲስብ ቮልቱ ይወርዳል፣ ያዡ አቅም አጥቶ ዘንጉን ይለቃል፣ ሞላውም ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ቮልቱ ሲያገግም ደግሞ እንደገና ይሳባል።

የእኔ መኪና ድምፅ ግን አንድ ብቻ ስለነበር፣ ዘንጉ ተስቦ ኃይሉ አልተሻገረም ብዬ ጠረጠርሁ። ሞተሪኖውን አስፈትቼ የሞተሪኖ ጥገናን ለረጅም ዘመን ወደሠሩ አንድ አዛውንት ወሰድሁት። እርሳቸውም ሦስት ብሎኖች ፈትተው የሶሌኖይዱን ክዳን አነሡና በጣታቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የተበላው ይህ ነው» አሉኝ። አንደኛው ኮንታክት ከዓመታት ብልጭታ የተነሣ ጠቁሮና ከጎኑ ተቦርቡሮ ስለነበር ዲስኩ አይደርስበትም። ለዚህች የአውራ ጣት ጥፍር ለምታህል መዳብ ሲባል ጤነኛ ሞተሪኖ መጣሉ ከልብ ያሳዝነኛል።

አዛውንቱ ሁለት አዳዲስ ኮንታክቶች ገጥመው፣ ዲስኩንም አጽድተው፣ መኪናው ላይ ከመመለሱ በፊት ሞተሪኖውን መሬት ላይ በእግራቸው ረግጠው ከባትሪ ጋር አገናኙት። ፒኞኑ ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ዞረ፤ ሽቦውን ሲያነሡትም ወደ ቦታው ተመለሰ።