ዴናሪዩስ፦ ስሙ አሥር፣ ዋጋው 16

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ ሠራተኞቹ «በቀን አንድ ዲናር» የተስማሙበት ገንዘብ የሮማውያን ዴናሪዩስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ መቀረጽ የጀመረ የብር ሳንቲም።

ስሙ የወጣው «ዴኒ» ከሚለው ቃል ነው። ዴኒ አሥር ሳይሆን «አሥር አሥር» ማለት ነው፤ እኛ ቁጥሩን ደግመን የምንለውን ላቲን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። አንዱ ዴናሪዩስ አሥር «አስ» (የነሐስ ሳንቲም) ያወጣ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ141 ገደማ ወዲህ ምንዛሪው 16 አስ ሲሆን ስሙ ግን እንደ አሥር ቀረ።

ቃሉ በመነሻው ቅጽል ነው። የሚገልጸው «ኑሙስ» (ሳንቲም) ተባዕታይ ስለሆነ ብቻውን ሲቀርም ተባዕታይነቱን አልለቀቀም። እርባታው የሁለተኛው ምድብ ነው፦ ባለቤት ሲሆን ዴናሪዩስ፣ ተሳቢ ሲሆን ዴናሪዩም፣ ሲበዛ ዴናሪኢ፣ ብዙው ተሳቢ ሲሆን ዴናሪዮስ።

ጀማሪ የሚሰናከለው «ዴናሪዩም» ላይ ነው። መድረሻው «ኡም» የኛን «ን» ይመስላል፤ ሆኖም በገንዘብና በመለኪያ ስሞች ላይ የብዙ ቁጥር አገናዛቢው «ዴናሪዮሩም» አጥሮ ያው «ዴናሪዩም» ይሆናል። «ዱኦ ሚሊያ ዴናሪዩም» ሁለት ሺህ ዴናሪዩስ ነው። ከ«ሚሊያ» ቀጥሎ ካያችሁት አገናዛቢ ነው፣ አታመንቱ። ሌላው ስሕተት ዋጋ ላይ ይመጣል፦ «በሁለት ዴናሪዩስ ገዛሁ» ለማለት «ዱኦቡስ ዴናሪኢስ ኤሚ» ይበቃል። የኛን «በ» መድረሻው ራሱ ስለያዘው መስተዋድድ መጨመር ያበላሸዋል።

ከዴናሪዩስ የተወለዱትን ቃላት ለመለየት «አሪዩስ» የሚለውን መድረሻ ተከተሉ፦ በስፓኝ «ኤሮ»፣ በፖርቱጋል «ኤይሮ»፣ በፈረንሳይ «ዬ» ሆኗል። ስለዚህ ዲኔሮ፣ ዲኜይሮ፣ ደንዬ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዛሬ በደፈናው «ገንዘብ» ማለት ናቸው። ደንዬ ደግሞ የክር ውፍረት መለኪያ ሆኗል፤ 9,000 ሜትር ክር በግራም የሚመዝነው ማለት ነው። በሴቶች ስቶኪንግ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው 20 ወይም 40 እሱ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል።

ዐረብኛው ዲናር በግሪክኛ በኩል የመጣ ሲሆን በመንገዱ ላይ ብሩ ወርቅ ሆነ። ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ በ77 ዓመተ ሒጅራ ያስቀረጹት ዲናር 4.25 ግራም ገደማ ወርቅ ነበር፤ የብሩን ቦታ ከግሪኩ «ድራክሜ» የመጣው ድርሃም ያዘ። ኩዌት ያላችሁ ዲናሩን በ1,000 የምትመነዝሩት ፊልስም ሥሩ «ፎሊስ» የሚባል የላቲን ቃል ነው፦ ከረጢት።