ቪየና ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ስድስተኛው ሲምፎኒ

ቪየና ያለው ሙዚክፌራይን የተባለው የሙዚቃ ቤት መግባት የሀብታም ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ወርቃማው አዳራሽ 1,744 መቀመጫ አለው፤ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ደግሞ 300 ገደማ ሰው ቆሞ የሚያዳምጥበት ቦታ አለ። የቁም ትኬት ከሁሉም ይረክሳል። «ፓቴቲክ» እየተባለ የሚጠራውን የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቻይኮቭስኪን ስድስተኛ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የተደረሰ ረጅም ሙዚቃ) የሰማሁት እዚያ ቆሜ ነው። ልብ የሚያደማ ሙዚቃ ነው። «ክላሲካል አይገባኝም» ለሚል ሰው ይጠቅም እንደሆነ፣ እንዴት እንደተዘጋጀሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሙዚቃውን ቤት ለመድኩት። አራት ክፍል ነው፤ በጠቅላላው 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንዱን ክፍል ብቻ ይዤ ወጥ ስሠራም በስልኬ፣ ባቡር ስጠብቅም እሰማዋለሁ። ዜማውን ማንጎራጎር ስጀምር ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። «ሳታውቀው ብትሄድ ይበልጥ ይነካሃል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። እኛ ትዝታ ሰምተን ሆዳችን የሚባባው ዜማውን ስለምናውቀው ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቁ መጠበቅ ራሱ ግማሹ ስሜት ነው።

ታሪኩን ግን ብዙ አልቆፈርኩም። ቻይኮቭስኪ ሲምፎኒውን ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ራሱ እየመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1893 ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሥራውን ሁሉ እንደ ኑዛዜ ይሰማዋል። እንዲህ ካሰባችሁ ግን ሁለተኛው ክፍል ያመልጣችኋል፤ በአምስት ምት የሚሄድ፣ ዳንስ የሚመስል ውብ ነገር ነው። እኔ ድምፁን ብከተል ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

የዕለቱ ዝግጅት ቀላል ነው። በር ሲከፈት ይድረሱ፤ ቀድሞ የገባ ፊት ይቆማል። ካፖርትና ቦርሳ ልብስ ማስቀመጫው ጋ ይቀራል። ምቹ ጫማ ያድርጉ። ሆድ ባዶ አይሁን።

ሙዚቃው የሚጀምረው ከታች ነው። ኮንትራባሶቹ፣ ማለትም ትልልቆቹ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ዝቅ ብለው ይይዛሉ፣ ባሱን የሚባለው ወፍራም የትንፋሽ መሣሪያ በላያቸው ያቃስታል። አዳራሹ በቴዎፊል ሃንሰን ንድፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 6 ቀን 1870 የተከፈተ ነው። ጠበብ፣ ረዘም፣ ከፍ ያለ ነው፤ ከእንጨቱ ወለል በታች ባዶ ቦታ አለ። ድምፁ በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በእግሬም የገባ መሰለኝ። ይህን ስልክ አይሰጥም።

ስልክ የማይሰጠው ሌላም አለ። መጀመሪያው ክፍል መሃል ላይ ክላርኔቱ ዜማውን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ይወርዳል። ቻይኮቭስኪ መጨረሻዎቹ ኖታዎች ላይ ድምፅ ዝቅ ማድረግን የሚያሳየውን ምልክት ስድስት ጊዜ ደርድሮ ጽፎበታል። ስድስት! ቤት ስሰማው ድምፁ የጠፋ መስሎኝ ስልኩን ከፍ አደርግ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ ኦርኬስትራው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። እየጠበቅኩት እንኳ ደነገጥኩ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ትከሻዋ ዘለለ።

ከፍንዳታው በኋላ እንደ ትራምፔትና ትሮምቦን ያሉት የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች አጭር ዜማ ያስገባሉ። «ነፍስን ከቅዱሳን ጋር አሳርፍ» ከሚለው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ፍትሐት የተወሰደ ነው። በፍትሐት ላደገ ሰው ይህን አውቆ መስማት ሌላ ነገር ነው። ይህችን ቦታ ቀድማችሁ ፈልጓት፤ ቶሎ ታልፋለች።

ሦስተኛው ክፍል እንደ ሰልፍ እየገሰገሰ በድል ጩኸት ያልቃል። ሁሉ ያበቃ ይመስላል፤ ብዙ ቦታ ሰው እዚህ ጋ ያጨበጭባል። ያን ምሽት የኦርኬስትራው መሪ እጁን ሳያወርድ ቀጥታ ወደ አራተኛው ገባ። ጥሩ አደረገ። ደስታው ገና ከጆሯችን ሳይወጣ ነው ሐዘኑ የሚመታን።

አራተኛው ላይ ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ቫዮሊኖቹን እዩ። የመክፈቻውን ዜማ ማንም ብቻውን አይጫወተውም። አንዱን ኖታ አንደኛ ቫዮሊኖች፣ ቀጣዩን ሁለተኛ ቫዮሊኖች ያነሳሉ፤ አንድ ዜማ የሚሆነው እኛ ጆሮ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ከመሪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለነበር ሐዘኑ ሲመላለስ በዓይኔ አየሁት። እኛ ዘንድ አስለቃሿ ታነሳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። እዚህም ሐዘን የጋራ ሥራ መሆኑን ያኔ ገባኝ። እንባዬ መጣ፤ አልያዝኩትም። ማንም ዞሮ አያያችሁም፣ አትሳቀቁ።

ወደ መጨረሻው ታም ታም የሚባለው ትልቅ ጎንግ ይመታል፤ በመላው ሲምፎኒ ውስጥ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። ትሮምቦኖቹ ይከተሉታል። ለዚህች አንድ ምት የሚጠብቀውን ሰው ማየት ብቻ ያስደንቃል።

ሌላው ምክሬ፣ ከኮንሰርቱ በኋላ ቀጠሮ አትያዙ። እኔ ካርልስፕላትዝ ባቡር መያዝ ሲገባኝ በእግሬ ነው ቤት የገባሁት፤ ከሰው ጋር ማውራት አልቻልኩም።

አሁን የሌላውን የሙዚቃ ደራሲ፣ የማህለርን ዘጠነኛ ሲምፎኒ እየለመድኩ ነው። እሱም መጀመሪያ የቀረበው እዚያው አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1912፣ ማህለር ከሞተ ከዓመት በኋላ ነው። 80 ደቂቃ ገደማ ስለሚሄድ ለእሱ ግን የመቀመጫ ትኬት ነው የምገዛው።