በጋሼ ሞተር፣ ስካይላይን ላይ

አሜሪካ ካለችው አሌክሳንድሪያ ማለዳ ወጣን። ኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ የቨርጂኒያ ተራሮች ቅጠላቸው የሚቀላበት ሰሞን። እኔ በባለ ፍሪሲዮኗ ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ፣ ጋሼ በአውቶማቲኳ ሆንዳ ኤንሲ 750 ኤክስ። ፍሪሲዮን ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው ነው፤ አውቶማቲኳ ግን ማርሹን ራሷ ትቀይራለች።

ጋሼ ስል የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሞተር ያገናኘን፣ ስልሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና እየነዱ ሊማሊሞን ተመላልሰውበታል። ከሦስት ዓመት በፊት የግራ እጃቸው አንጓ ኦፕሬሽን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ፍሪሲዮን መጨበጥ አቃታቸው። ሞተር ያቆማሉ ብለን ስናዝን አውቶማቲኳን ገዝተው መጡ።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ማርሽ የማይቀየርበት ሞተር ምኑን ሞተር ሆነ ብዬ ተከራክሬያለሁ። በዚህ ጉዞ ሐሳቤን ቀየርኩ። ሁሉንም ግን አይደለም።

የመጀመሪያው ትምህርት 66 አውራ ጎዳና ላይ መጣ። ቅጠል ሊያይ የወጣው ሕዝብ መንገዱን ዘግቶታል። አስር ሜትር ሄዶ መቆም፣ አስር ሜትር ሄዶ መቆም። ፍሪሲዮን መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግራ እጄ ከአውራ ጣቴ እስከ ክንዴ ደነዘዘ። ጋሼ ከጎኔ ናቸው፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል። በየቀኑ በእንዲህ ያለ መንገድ ሥራ የሚመላለስ ሰው አውቶማቲክ ቢገዛ ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ፍሮንት ሮያል ስንደርስ ስካይላይን ድራይቭ ይጀምራል። መንገዱ 105 ማይል ነው፤ የሸናንዶዋን ፓርክ ተራሮች ጀርባ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። መከልከሉም ተገቢ ነው፤ አጋዘንም ድብም ያቋርጣሉ። ቢግ ሜዶውስ፣ 51ኛው ማይል ላይ፣ የያዝነውን ምሳ በላን። በመጣንበት ልንመለስ ስንል ጋሼ ቁልፋቸውን ዘረጉልኝ።

«እጅዎን አያምዎትም?» አልኳቸው፤ የኔን ሞተር ሊይዙ ነውና።

«ለሠላሳ ማይል ይችላል። አንተ ግን ሳትነዳት አትፍረድባት።»

ኤንሲዋ እንደ ስኩተር በቀበቶ የምትሄድ አይደለችም። ስድስት እውነተኛ ማርሾች አሏት። ፍሪሲዮኗ ሁለት ነው፤ አንዱ 1፣ 3 እና 5ን ይይዛል፣ ሌላው 2፣ 4 እና 6ን። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይቀበላል፤ ኮምፒውተሩ ያዛቸዋል። ሆንዳ ይህን አሠራር በሞተር ሳይክል ላይ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በቀኝ እጅ በኩል ያለውን ቁልፍ ዲ ላይ፣ ማርሹን ራሷ የምትመርጥበት ላይ፣ አድርጌ ነዳጅ ሰጠሁ። ሄደች። ግራ እጄ ግን ባዶ አየር ጨበጠች። ከዚያም ደጋግማ ጨበጠች።

አምስት ማይል ያህል ስሄድ እጄ ተረጋጋች፤ ዓይኔም ተከፈተ። የምለው ይህንን ነው። ጠዋት በዚያው መንገድ ሳልፍ ያላየሁትን አየሁ። ከሸለቆው የሚነሳውን ጉም፣ በቀይ ቅጠል መሐል ብቻውን ቢጫ የሆነውን ዛፍ። ሐሳቤ የትኛው ማርሽ ላይ ነኝ ከሚለው ተላቀቀ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ፣ ስካይላንድ ጋ፣ 1,120 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱን ስትወጣ ማርሽ መቀየሯን በጆሮዬ ብቻ ነው የማውቀው።

ፒናክልስ የሚባለው መመልከቻ ላይ ግን ሁለት ነገር አስደነገጠኝ። ለመዞር ፍጥነቴን የእግር መንገድ ያህል ስቀንስ ሞተሯ ነጠቅ አደረገችኝ። በራሴ ሞተር ቢሆን ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ አለሰልሳት ነበር። እዚህ የሚይዝ ነገር የለም፤ የኋላውን ፍሬን ረገጥ አድርጎ መዞር ነው። ቀጥሎ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ አቆምኩና የማስነሻውን ቁልፍ ዘጋሁ። ልወርድ እግሬን ሳነሳ መንሸራተት ጀመረች። ጋሼ ሮጠው የኋላ መያዣዋን ያዙ። ለካ ቁልፉ ሲዘጋ ፎሌ ትገባለች፤ ምንም ማርሽ አይይዛትም። እንደ ባለ ፍሪሲዮን ሞተር በአንደኛ ማርሽ ታስራ አትቆምም፤ የእጅ ፍሬን የተሠራላትም ለዚሁ ነው። አውቶማቲክ ልትገዙ ካሰባችሁ ይህን አትርሱ።

የሜሪስ ሮክን ዋሻ አልፈን በ211 መንገድ ወደ ስፔሪቪል ከተማ መውረድ ያዝን። ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ዲ ላይ እንዳለች ከፍ ያለ ማርሽ እየመረጠች ትለቀኛለች፤ በየጠመዝማዛው ፍሬን እይዛለሁ። ጋሼ ያሉኝ ትዝ አለኝ፦ «ሊማሊሞን በፍሬን አትወርድም፤ በማርሽ ነው የምትወርደው።» በግራ አውራ ጣቴ የመቀነሻዋን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። ሞተሯ አጉረመረመች፤ ያዘችኝ። ማርሹ በእጄ ነበር እኮ! ሳልፈልገው ትተወኛለች፣ ስፈልገው ትሰጠኛለች። ያን ሰዓት ወደድኳት።

እንዲያም ሆኖ የእህቴ ልጅ ሞተር ልማር ስትለኝ በባለ ፍሪሲዮን ጀምሪ ነው የምላት። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሄዳ ዘመድ ሞተሩን ቢያውሳት፣ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ባለ ፍሪሲዮን ነው። አዲስ አበባ ማርሽ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች እየገቡ ነው፤ ያም ሆኖ እጅ አንዴ ከለመደ ችሎታው አይጠፋም። በጠጠርና በጭቃ ላይ ቀስ ብሎ መሄድ የሚወድ ሰውም ፍሪሲዮኑ ይናፍቀዋል። ጉልበቱ ወይም እጁ ለታመመ፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ከሞተሩ ይልቅ አገሩን ማየት ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስፔሪቪል ላይ ተቀያየርን። ጋሼ ግራ አንጓቸውን በቀኝ እጃቸው ያሹ ነበር። «አመመዎት?» ስላቸው «ትንሽ» አሉና ኤንሲዋ ላይ ወጡ። ቀጥሎ በነበረው ማቆሚያ ምልክት ላይ ፍሪሲዮን ሳልይዝ ቆምኩ። ሞተሬ ጠፋች። ጋሼ ዳር ይዘው፣ መብራታቸውን እያበሩ እያጠፉ ጠበቁኝ።