ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላው

ጡትን መልሶ ለመሥራት ቀዶ ሕክምና ላደረገች ሴት የምሰጋው በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን በሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ሕመሙ ራሱ ይዞ ያስተኛል። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርግ ጠያቂ ይበዛል፤ ጅማ ላይ ደግሞ እንግዳን ያለ ቡና መሸኘት ነውር ነው። «ይሄማ ምን አላት» ብለሽ ትነሻለሽ። የውስጡ ስፌት ግን ገና አልጠናም።

ሐኪምሽ ሌላ ካላለሽ በቀር እስከ 6 ሳምንት ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ በላይ አታንሺ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውሃ 2 ኪሎ ነው፤ ቢጫዋ ጀሪካን 20። ቡና መውቀጥና ሊጥ ማቡካት ባይከብዱም የደረትን ጡንቻ ደጋግመው ስለሚስቡ ይጎዳሉ። ክንድሽን ከትከሻ በላይ የምታነሺው ሲፈቀድልሽ ነው። ጨርሶ አቅፎ መያዝም ትከሻን ያደርቃል፤ ጣትና ክርንሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቀሳቅሺ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ አምስት አሥር ደቂቃ ሜዳ ሜዳውን ተራመጂ። የጅሬን ዳገት ይቆይ።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት ከሰሉን ነው። የአዲሱ ጡት ቆዳ ይደነዝዛል፤ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለሽ ቡና ስትቆዪ ቢያቃጥልሽ እንኳ ላይሰማሽ ይችላል። በላስቲክ የተሞላ ሙቅ ውሃም ደረትሽ ላይ አታድርጊ።

ጡቱ የተሠራው ከሆድ በተወሰደ ሥጋ ከሆነ በርጩማ ይቅርብሽ፤ ከዝቅተኛ መቀመጫ ብድግ ማለት የሆዱን ስፌት ይወጥራል። መጀመሪያ ሰሞን ጎበጥ ብሎ መሄድ ያለ ነው፣ ቀጥ ለማለት አትታገዪ።

አቅምሽን ለመለካት ከስሜትሽ ይልቅ ድሬኑን፣ ማለትም ከቁስሉ ውስጥ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ፣ እመኚ። በየ24 ሰዓቱ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ እጅሽን ታጥበሽ ፈሳሹን በመለኪያ ገልብጪና ደብተር ላይ ጻፊ። ኳስ መሳይዋን ላስቲክ ጨምቀሽ ሳትለቂ ክደኛት፤ ከተነፋች አትስብም፣ ፈሳሹም ውስጥ ይቋጠራል። ለምሳሌ 70፣ 55፣ 40 ሚሊ ሊትር እያለ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት 85 ከሆነ ትናንት ምን እንደሠራሽ አስቢ። ምናልባት እንጀራ ጋግረሻል። ያን ሥራ ትተሽ ሁለት ቀን እረፊ። ብዙ ሐኪሞች ድሬኑን የሚያወጡት ሁለት ቀን ተከታትሎ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በችኮላ የተሠራ ሥራ ቱቦውን ያቆይብሻል።

ድሬኑ ደማቅ ቀይ ደም ቶሎ ቶሎ ከሞላ፣ አንዱ ጡት ድንገት ካበጠ፣ የተሠራው ጡት ከቀዘቀዘ ወይም መልኩ ከተለወጠ፣ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ሳትዘገዪ ወደ ሐኪም ሂጂ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይጎላ ሙቀቱን በእጅሽ ጀርባ ከሌላው ጎን ጋር አወዳድሪ። የአንድ እግር ባት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።