«እዚያ ሰው አለ?» አስቶሪያን በቁጥር ለማወቅ የሞከርኩበት መንገድ

ባለቤቴ በ2018 አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት፣ አስቶሪያ ውስጥ ሥራ ስታገኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እዚያ ሰው አለ?»

ወደ አሥር ሺህ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ግን ጥያቄዋ ገብቶኛል። «ሰው» ማለት ሐበሻ ነው። ሐበሻ ባይገኝ ጥቁር። እሱም ከጠፋ ሰላምታ የሚመልስ ጎረቤት።

ያኔ ፖርትላንድ ነበርን። አስቶሪያ ከዚያ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ትርቃለች። የኮሎምቢያ ወንዝ ፓስፊክ ውቅያኖስን የሚቀላቀልበት አፍ ላይ የተቀመጠች የወደብ ከተማ ናት። እኔ ደግሞ ኤክሴል ነፍሴ ነው። «ቆይ፣ በቁጥር እነግርሻለሁ» አልኳት። ባልል ይሻለኝ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የመጨረሻው ሙሉ ቆጠራ የ2010ሩ ነበር። 9,477 ነዋሪ። ነጭ 89.2 በመቶ፣ ጥቁር 0.6፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ 1.1፣ እስያዊ 1.8፣ የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጅ 0.1፣ ሌላ ዘር 3.9፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር 3.3። ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ፣ ማለትም የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ፣ 9.8። ደስ ብሎኝ ክብ ቻርት ሠራሁና አሳየኋት። እሷ የሒሳብ ሰው አይደለችም፤ ግን ደመረችው። 109.8።

«ዘጠኝ ነጥብ ስምንቱን ከየት አመጣኸው?»

ከየትም አላመጣሁትም። የአሜሪካ ቆጠራ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠይቃል። አንዱ «ሂስፓኒክ ነህ ወይ?» የሚል ነው። ሌላው «ዘርህ ምንድን ነው?» ይላል። ከሜክሲኮ የመጣ ሰው ለመጀመሪያው «አዎ» ብሎ፣ ለሁለተኛው ነጭ ወይም «ሌላ ዘር» ሊል ይችላል። ስለዚህ ላቲኖዎቹ በዘር ዝርዝሩ ውስጥ አንዴ ተቆጥረዋል። እኔ ደገምኳቸው። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ለብቻው አለ፤ ላቲኖ ያልሆነ ነጭ፣ ላቲኖ ያልሆነ ጥቁር እያለ ይከፋፍለዋል። ከዚያ መጀመር ነበረብኝ። በ2024 ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ እንዲሆኑ መመሪያው ተቀይሯል፤ ለእኔ ግን ዘግይቷል፣ ተስቆብኛል።

ሁለተኛው ስሕተቴ በመቶኛ ማመኔ ነው። 0.6 በመቶ ሲባል ምንም አይመስልም። በሰው ሳሰላው 57 ገደማ ሆነ። የፖርትላንድ ሐበሻ ሰርግ ላይ 57 ሰው ገና ድንኳኑ አልሞላም የሚባልበት ቁጥር ነው። እነዚህስ እነማን ናቸው? ከተማዋ ጫፍ ላይ ታንግ ፖይንት የሚባል፣ ተማሪዎቹ አዳሪ የሆኑበት የወጣቶች የሙያ ማሠልጠኛ አለ። ቆጠራው ሰውን የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ በሚያድርበት ቦታ ነው። በአካባቢው የባሕር ዳር ጥበቃ ኃይልም አለ፤ ቤተሰቦቹ በየጥቂት ዓመቱ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ ከ57ቱ ውስጥ ቤት ገዝቶ፣ ልጅ አስተምሮ የሚኖረው ስንቱ እንደሆነ ከዚያ አንድ ቁጥር ማወቅ አይቻልም።

ለባለቤቴ ጥያቄ ግን የሚቀርብ ሌላ ሰንጠረዥ አገኘሁ፤ የትውልድ አገር። ይኼ የሚመጣው ከሙሉ ቆጠራው አይደለም፣ በየዓመቱ ከሚካሄደው የናሙና ጥናት ነው። ከ65,000 ሰው በታች ለሆኑ ከተሞች የአምስት ዓመት መረጃ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ነው የሚወጣው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የስሕተት ህዳግ፣ ማለትም ቁጥሩ በስንት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል፣ ተጽፏል። መጀመሪያ ያን ዓምድ ቦታ ይበላል ብዬ ደበቅኩት። ትልቅ ቅሽምና። በትንሽ ከተማ አንዳንድ መስመር ላይ ህዳጉ ከቁጥሩ ይበልጣል። ኢትዮጵያ በሚለው መስመር ዜሮ ብታዩ እንኳ ዜሮ ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ናሙናው የእነሱን በር አላንኳኳም ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ኤክሴሉን ዘጋሁና ወደ አስቶሪያ ነዳሁ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የድሮ የነዋሪዎች ስም ማውጫ አስወጣሁ። ገጹ ቢጫ ሆኗል፣ ጥጉ ይፈረፈራል። በ-ኔን የሚያልቅ ስም መቁጠር ጀመርኩ፤ የፊንላንዶች ነው ብዬ። በ-ሰን የሚያልቀውን ለስዊድኖች ሰጠሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። ከፊንላንድ ከመጡት ጥቂት የማይባሉት ስዊድንኛ ተናጋሪ ነበሩ፤ ስማቸውም በ-ሰን ያልቃል። በስም ዘር መቁጠር እዚያው አበቃ። እኛስ አገር በስም ብቻ ሰው ስንመድብ ስንቴ ተሳስተናል?

ያ ቀን ግን በከንቱ አልሄደም። 89.2 በመቶ «ነጭ» የሚለው ቁጥር ውስጥ ምን እንደታጨቀ አየሁ። ከድልድዩ ሥር ያለው ዩኒየንታውን የሚባለው ሰፈር የፊንላንዶች ሰፈር ነበር። ከ1907 እስከ 1931 ቶቬሪ የሚባል የፊንላንድኛ ጋዜጣ እዚች ትንሽ ከተማ ይታተም ነበር። የሚገርመው፣ እነሱም ሁልጊዜ ያለ ክርክር «ነጭ» አልተባሉም። በ1908 ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ፊንላንዳዊ «ሞንጎል ነህ» ተብሎ ዜግነት ሊከለከል ነበር፤ ነጭ ነው ያለው ዳኛ ነው።

እስያዊ 1.8 በመቶ የሚለውም እንዲሁ። በ1880ዎቹ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽጉት ፋብሪካዎች በቻይናውያን እጅ ነበር የሚሠሩት። በ1880 ቆጠራ ቅጽ ላይ «ቻይናዊ» ራሱን የቻለ የዘር ምልክት ነበረው። ልብ በሉ፣ ያ ቆጠራ የተካሄደው በሰኔ ወር ነው። ሰኔ ደግሞ የሳልመን ወቅት ነው፣ ፋብሪካው በሠራተኛ የሚሞላበት። የ2010ሩ ቀን ኤፕሪል 1 ነው። የወደብ ከተማን ሁለት ዓመታት ስታወዳድሩ ቀኑንም ተመልከቱ፤ ዓሣው ሲመጣ ሰውም ይመጣል። ከ1882ቱ የቻይናውያን ዕገዳ ሕግ በኋላ አዲስ ሠራተኛ መግባት አቃተው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዓሣ የሚያርድ ማሽን መጣ። የማሽኑ ስም ራሱ ቻይናውያንን የሚሰድብ ነበር። ዛሬ መሀል ከተማ፣ በ2014 የተከፈተ ለእነሱ መታሰቢያ የሆነ የአትክልት ሥፍራ አለ። ዘንዶ የተቀረጸባቸውን ምሰሶዎች እያየሁ፣ እዚች ከተማ ስንት ቆርቆሮ እንደታሸገ አሰብኩ።

ሲኮችም፣ ማለትም የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ነበሩ። እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ህንዳውያን በ1913 በፊንላንድ ሶሻሊስቶች አዳራሽ ተሰብስበው፣ እንግሊዝን ከህንድ ለማስወጣት የታገለውን የጋዳር ፓርቲን መሠረቱ። ፊንላንዳዊው አዳራሽ ለሲክ! እኔን ይኼ ከቁጥሩ ሁሉ በላይ ነው የነካኝ። እና ከ1920 እስከ 1940 የቆጠራ ቅጾቹ ላይ ሲኩም ሙስሊሙም ዘሩ «ሂንዱ» ነበር የሚባለው።

የጥቁሩ 0.6ም ከሰማይ አልወረደም። ኦሪገን ገና የአሜሪካ ግዛት ሳትሆን በ1844 ጥቁር እንዳይኖርባት ሕግ አውጥታለች። በ1857 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ጥቁር እንዳይገባ፣ ንብረት እንዳይኖረው፣ ውል እንዳይዋዋል የሚል አንቀጽ በሕዝብ ድምፅ አስገባች። አንቀጹ የተሰረዘው በ1926 ነው። ይኼን ለባለቤቴ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «እና አሁንስ?» አለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሰንጠረዡ አይመልሰውም።

የነባሩ ሕዝብ 1.1 በመቶም ወደ መቶ ሰው ነው። የአካባቢው ባለቤቶች ክላትሶፕና ቺኑክ ናቸው። የቺኑክ ብሔር በጃንዋሪ 2001 የፌዴራል መንግሥት ዕውቅና አገኘ፤ በ2002 ተነጠቀ። ሰውየው ቅጹ ላይ ይቆጠራል፣ ብሔሩ ግን በዋሽንግተን መዝገብ የለም።

እንደገና ብጀምር ምን እቀይራለሁ? መጀመሪያ ቁጥሩን ሳይሆን ቅጹን እፈልጋለሁ። የየዓመቱ ጥያቄ ወረቀት ተቀምጧል፣ ማንም ያየዋል። ምን ተጠየቀ፣ ምን ምርጫ ተሰጠ፣ መልሱን ማን ጻፈ። በድሮው ጊዜ ቆጣሪው ፊትህን አይቶ ነበር የሚሞላው፤ ራስን መሙላት በሰፊው የመጣው ከ1960 ወዲህ ነው። ከአንድ በላይ ዘር ላይ ምልክት ማድረግ የተፈቀደው ደግሞ በ2000 ነው። ስለዚህ የ1990ንና የ2000ን «ነጭ» ዝም ብሎ ማወዳደር አይሆንም። ከዚያ በመቶኛውን ወደ ሰው እቀይራለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ሄጄ ገበያ ላይ እቆማለሁ። ሦስት ሳምንት ኤክሴል ላይ ካፈጠጥኩት፣ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ስፓኒሽ የሰማሁባት ግማሽ ሰዓት ብዙ አስተማረችኝ።

ገባን። ሐበሻ? የመጀመሪያውን ዓመት አንድም አላገኘንም። ሰላምታ የሚመልስ ግን ሞልቷል፤ የጎረቤታችን ሽማግሌ ሳውና (የፊንላንዶች የእንፋሎት መታጠቢያ) ካልገባችሁ ብለው ሊገድሉን ነበር።

በ2020 የቆጠራው ተራ ደረሰን። ባለቤቴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ዘር የሚለው ጋ ስትደርስ ጮኸች። «ና እይ፣ ጽፈውናል!» ጥቁር ከሚለው ሥር ዝርዝር መጻፊያ መስመር መጥቷል፤ ምሳሌ ብለው ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊ ደርድረዋል። ለእሷ፣ ለእኔና ለልጃችን ሦስት ጊዜ «ኢትዮጵያዊ» ብላ ጻፈች። እንዳትሳሳት ፊደሉን ሁለቴ አየች።

ውጤቱ ሲወጣ ከተማዋ 10,181 ሰው ሆናለች። ሦስቱ እኛ ነን። እንጀራው ግን አሁንም ከፖርትላንድ ነው የሚመጣው።