የመጨረሻው ተማሪ ሁልጊዜ አንደኛ ሲወጣ፦ በ46 ዓመቴ ኮምፒውተር የተማርኩበት መንገድ

በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት እንዳለቀ፣ ደሴ ውስጥ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ የሆንን መምህራን በሙሉ ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ የሆነውን ሮስተር ኤክሴል በተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሠርተን በፍላሽ እንድናስረክብ ተነገረን። እኔ ያን ጊዜ የ46 ዓመት ሰው ነበርኩ፤ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ 22 ዓመት ሞልቶኛል፤ ኮምፒውተርን ግን በጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ አይቼው አልፋለሁ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ሮስተር በእጁ ሠርቶ የማያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት ላይረዳው ስለሚችል ጥቂት ልበል። ክፍሌ 63 ተማሪዎች ነበሩት፤ የትምህርቱ ዓይነት 11 ነው፤ ስለዚህ 693 ውጤቶች በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ተማሪ ድምር፣ አማካይና ደረጃ በካልኩሌተር እየተሠላ ይጻፋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ባልደረባ መጥቶ «የእገሌን ውጤት ተሳስቼ ነው የሰጠሁህ» ካለ ደግሞ ደረጃው ከላይ እስከ ታች ይናጋል፤ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ሮስተር ተቀባይነት ስለሌለውም ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ሄጄ ለሁለት ወር ተመዘገብኩ። አሠልጣኙ ማስታወሻ ያጽፈናል፤ እኛም እንጽፋለን፦ ኮምፒውተር በትውልድ እንደሚከፈል፣ ኤኒያክ የተባለው ማሽን በ1946 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ እንደታየ፣ መረጃ የምናስገባባቸውና መረጃ የምናገኝባቸው ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ። 18 ሠልጣኞች 6 ኮምፒውተር ስለምንጋራ ለአንዱ ማሽን ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፤ ማውሱም ከሦስቱ በዕድሜ ወጣት በሆነው እጅ እንደቆየ ሰዓቱ ያልቃል። በማጠቃለያው ፈተና ከመቶ 94 አመጣሁና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ ማብሪያው የትኛው እንደሆነ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቅሁ። ጥፋቱን በሥልጠናው ላይ ብቻ ማላከክ አልችልም፤ እኔም ብሆን የስም ዓይነቶችን በቃሉ የሚዘረዝር፣ ነገር ግን አንድ ማመልከቻ በወጉ መጻፍ የማይችል ተማሪ ደጋግሜ አሳልፌያለሁ።

በእውነት መማር የጀመርኩት፣ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከፍታ በምታሠራው የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ ነው። ፈተና ላስጽፍ ሄጄ ችግሬን ስነግራት ከሥራ ሰዓት በኋላ አንዱን ኮምፒውተር እንድለማመድበት ፈቀደችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ብዙም አልረዱኝም፤ ምክንያቱም አንድ ነገር በጠየቅኋት ቁጥር «ቲቸር፣ ይተዉት እኔ ልሥራልዎት» እያለች ማውሱን ወስዳ፣ ዓይኔ ሊከተላት በማይችል ፍጥነት ጨርሳው ትነሣለች። በአራተኛው ቀን «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማውሱን አትንኪብኝ፤ አፍሽ ይናገር፣ እጅሽ ይረፍ» አልኋት። ስቃ እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣመረች። አሁን ሰው ስለ ጀማሪ ምክር ሲጠይቀኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ማውሱን ያልያዘ እጅ የሚማረው ነገር የለም።

እጄን ከማውሱ ጋር ያላመደው ሶሊቴር የተባለው የካርታ ጨዋታ ነበር። ካርታ እየተጫወትኩ ተማሪ እንዳያየኝ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ እቀመጥ ነበር፤ ሆኖም ይዞ መጎተትን፣ በትክክለኛው ቦታ መልቀቅን፣ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መንካትን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያስጨበጠኝ እሱ ነው።

አማርኛ መጻፉ ሌላ ታሪክ አለው። እኔ ፊደልን የማውቀው ከግዕዙ ጀምሬ እስከ ሳብዑ ወደ ቀኝ እየቆጠርኩ ነው፤ ማሽኑ ግን የሚነሣው ከሳድሱ ሆኖ አገኘሁት። ኤል የተባለችውን የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻዋን ስነካ «ል» ትወጣለች፤ ኢ ስትከተላት «ለ»፣ ዩ ስትከተላት «ሉ» ትሆናለች። በመጀመሪያ የተገለበጠ አሠራር መሰለኝ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን፣ ሳድስ ማለት ብዙውን ጊዜ አናባቢ ያልተጨመረበት ተነባቢ መሆኑን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው የኖርኩ ሰው በራሴ ትምህርት መደናገሬ አስገረመኝ፤ ከዚያ በኋላ ጣቶቼ ፈጥነው ተገሩ። «ሠ»ን ለማግኘት ኤስን ሁለት ጊዜ መንካት ስለነበረብኝ ብዙ ሰው ሁሉንም በ«ሰ» ወደ መጻፍ ለምን እንዳዘነበለም በዚያው ገባኝ። መዘዙንም ያወቅሁት ብዙም ሳልቆይ ነው፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ «ስራ» ብዬ ባስፈልግ «ሥራ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልኝም። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሁለት ቃላት ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው።

እንዲህ ያለው ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ። ከኮምፒውተር ጋር ባደረግሁት ትግል ሁሉ የጣለኝ፣ በዓይን የሚታየው ነገርና በውስጥ ያለው ነገር አንድ ይመስሉኝ ስለነበር ነው። የዘጠነኛ ክፍልን ፈተና ለሁለት ሰዓት ያህል ስጽፍ ቆይቼ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ወረቀቱ የለም። ስክሪኑ ላይ ስላየሁት የተቀመጠ መስሎኝ ነበር፤ ሴቭ እስካላደረግሁት ድረስ ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አብሮ በሚጠፋው የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ እንደነበረ ተማሪዬ አስረዳችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አራት ነጥብ ባስቀመጥኩ ቁጥር ኮንትሮልን ከኤስ ጋር ተጭኜ ሴቭ አደርጋለሁ፤ ልማዱ ስለያዘኝ ቾክ ይዤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንኳ ግራ እጄ ይንቀሳቀሳል።

ፈተናውን እንደገና ጽፌ ወደሚባዛበት ቦታ በፍላሽ ወሰድኩት። እዚያ ሲከፈት ከጥያቄ ቁጥሮቹ በቀር ሁሉም ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ሆኖ ወጣ። የሰው ስላቅ ከማሽኑ ይልቅ ጎዳኝ፤ «መምህር፣ ይህ የአማርኛ ፈተና ነው?» ያለኝን ልጅ አልረሳውም። ምክንያቱን ለማወቅ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። የግዕዝ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ውስጥ የራሱን መለያ ቁጥሮች ከማግኘቱ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች፣ የፊደላችንን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደላት መለያ ላይ አልብሰው ነበር የሚሠሩት፤ እኔም የተጠቀምኩት እንዲህ ያለውን የቆየ መጻፊያ ነው። ልብሱ በሌለበት ማሽን ላይ የሚታየው ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ በነበረው ኒያላ በተባለው የፊደል ቅርጽ ያለ ችግር ይነበባል። ስለዚህ አማርኛ መጻፍ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያዋን ቃል ከመጻፉ በፊት መጻፊያው ዩኒኮድ መሆኑን ይጠይቅ፤ እኔ የሁለት መንፈቅ ፈተናዎቼን እንደገና የጻፍኩት ይህን ሳልጠይቅ ስለቀረሁ ነው።

ወደ ሮስተሩ ልመለስ። ድምርና አማካይ በሁለት ምሽት ገቡኝ። ደረጃ የሚያወጣውን ቀመር ለመጀመሪያው ተማሪ በትክክል ጽፌ እስከ ታች ስጎትተው ግን፣ ዓይኔን ማመን እስኪያቅተኝ ድረስ ብዙ አንደኞችና ሁለተኞች ተፈጠሩ፤ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለውና በክፍሉ ውስጥ ደካማ የምለው ተማሪም አንደኛ ወጣ። ውጤቶቹን ብቀያይራቸውም የመጨረሻው ተማሪ ከአንደኝነቱ አልወርድ አለ። ምክንያቱ፣ ቀመሩን ወደ ታች ስጎትተው ውጤቱ የሚወዳደርበት የሣጥኖች ክልልም አንድ አንድ ረድፍ አብሮ መውረዱ ነበር፤ በዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ተማሪ የሚወዳደረው ከበታቹ ካሉት ጋር ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ከራሱ ጋር ብቻ ይወዳደራል። ከራሱ ጋር የተወዳደረ ማን ይበልጠዋል? ኤፍ 4 የተባለውን ቁልፍ በመጫን ክልሉን በዶላር ምልክት ቸንክሮ ማስቀመጥ እንደሚገባ የነገረኝ የአይሲቲ መምህራችን፣ እርሱም በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሙሉ ክፍል በዚሁ መንገድ እንደሸለመ አጫወተኝ።

ሮስተሩን ለማስረከብ አንድ ቀን ሲቀረኝ ሁልጊዜ ከአምስቱ ቀዳሚዎች የማትጠፋ ልጅ 11ኛ ሆና አየኋት። ድምሯ 854፣ አማካይዋ ደግሞ 85.4 ይላል። በካልኩሌተር 854ን ለ11 ሳካፍል 77.6 ገደማ ይመጣል። ሁለቱ ቁጥሮች መጋጨታቸው ባያስጠረጥረኝ ኖሮ ልጅቷ ደረጃዋን አጥታ ትቀር ነበር። አንድ በአንድ ስመረምር የፊዚክስ ውጤቷ 70 የተጻፈው በዜሮ ሳይሆን ኦ በተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ተገኘ፤ ጥፋቱ የእኔው ጣት ነው። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ ኤክሴል ግን ቃል እንጂ ቁጥር አይደለም ብሎ ከድምሩም አስወጥቶት፣ አማካዩንም ለ11 በማካፈል ፈንታ ለ10 አካፍሎታል። ሳስተካክለው ድምሯ 924፣ አማካይዋ 84፣ ደረጃዋም 4ኛ ሆነ። አቀማመጡ ራሱ ይነግረኝ ነበር፦ ሌላ ካልተደረገ በስተቀር ቁጥር በሣጥኑ ቀኝ፣ ቃል በግራ ይጠጋል፤ ያቺ 70 ከሌሎቹ ተለይታ በስተግራ ቆማ ነበር። ኮምፒውተር አይሳሳትም እያሉ ለወላጆች የሚመልሱ ባልደረቦቼን ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ዛሬም ከማተሜ በፊት ከላይ፣ ከመካከልና ከታች የሦስት ተማሪዎችን ውጤት በእጄ እደምራለሁ።

ፍላሼን ቫይረስ ይዞት ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት የተለወጡበት ቀን ግን እንደ ቀድሞው አልተደናገጥኩም። የፍላሹን ይዞታ ስመለከት ከሞላው ቦታ ምንም አልቀነሰም፤ ስለዚህ ፋይሎቹ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም አልኩ። ተማሪዬም ፍላሹን በጸረ ቫይረስ አጽድታ የተደበቁትን መለሰቻቸው። «ቲቸር፣ ይህን ማን ነገረዎት?» ስትለኝ የተሰማኝ ደስታ ከምስክር ወረቀቱ ይበልጣል።

የሠራሁትን እያንዳንዱን እርምጃ በራሴ ቋንቋ የምጽፍበት ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ነበረኝ። ከማሠልጠኛው ማስታወሻ የሚለየው፣ ሠርቼ ያልተሳካልኝን ነገር ከነምክንያቱ መያዙ ነው። «መጀመሪያ አጥቁር፣ ቀጥለህ ኮፒ አድርግ፤ ሳታጠቁር ኮፒ ብትል ምንም አልያዝክም» የሚል ዓይነት ነው (ማጥቆር የምለው የሚፈለገውን ጽሑፍ በማውስ መምረጥን ነው)፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የሒሳብ መምህር «እስቲ ለአንድ ሌሊት» ብለው ወሰዱት፤ ይኸው ጡረታ ወጥተው እንኳ አልመለሱልኝም።