የሠርጉን ሙዚቃ ለእኔ ተዉልኝ

እህቴ ልታገባ መሆኑ ሲታወቅ ቤተሰቡ ሥራ ተከፋፈለ፤ እኔ ሙዚቃውንና ጨዋታውን ለመያዝ ጠየቅሁ። ማንም አልተሻማኝም። ለልብሱ፣ ለአበባውና ለምግቡ አሳቢ ሞልቷል፤ ሙዚቃ ግን «ዲጄ ይመጣል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። ከሠርግ የተመለሰ ሰው «ደስ ይል ነበር» ወይም «ቶሎ ሰለቸኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሙዚቃው እንደሆነ አስተውያለሁ፤ ራሱ ልብ ባይለውም።

ሁሉም ወዲያው የዘፈን ስም መደርደር ጀመረ። እኔ ግን ወረቀት ላይ የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል ጻፍሁ፤ እንግዳ ሲገባ፣ ሙሽሮች ሲገቡ፣ ሲበላ፣ ንግግር ሲደረግ፣ ሲጨፈር። በእያንዳንዱ ትይዩ ያሰፈርሁት የዘፈን ስም አልነበረም፤ ሰዉ በዚያ ሰዓት ምን እንዲያደርግ እንደምንፈልግ ነው። እንዲተዋወቅ፣ እንዲያይ፣ እንዲያወራ፣ እንዲያዳምጥ፣ እንዲነሣ። ከዚያ በኋላ ዘፈን መምረጡ ቀለለኝ።

የመግቢያውን ዘፈን እህቴ ራሷ መረጠች። አንዲት ወዳጃችን «የግድ የተለመደው የሠርግ ማርሽ ይሁን» ብላ ተሟግታ ነበር። ያንን ማርሽ ፊሊክስ ሜንዴልስዞን እ.ኤ.አ. በ1842 የጻፈው ለሼክስፒር ቲያትር ማጀቢያ ነው፤ በእውነተኛ ሠርግ ላይ የገነነው ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1858 ስትዳር ከተሰማ በኋላ ነው። በቲያትር ተጀምሮ በአንድ ሠርግ የተስፋፋ ፋሽን ማንንም አያስገድድም አልኋት። ክርክሩ እዚያ አበቃ።

የከበደኝ ዘፈኑን ከእርምጃው ጋር ማስማማት ነው። 25 ሜትር ርቀት ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ የብዙ ዘፈኖች መግቢያ ግን እስኪሞቅ ድረስ ያንኑ ያህል ይፈጃል። ሙሽሮቹ ከተቀመጡ በኋላ ዘፈኑ ቢሞቅ ምን ይረባል? ስለዚህ በሩ ሲከፈት ልብ ከሚነካው ቦታ እንዲጀምር፣ ሲቀመጡም ድምፁ ቀስ በቀስ እንዲወርድ ከዲጄው ጋር ተስማማን። በድንገት የሚቆረጥ ዘፈን አንድ ነገር የተበላሸ ያስመስላል።

አብዝቼ የተጨነቅሁት ግን ስለ ምግቡ ሰዓት ነው። ለዓመታት ያልተያዩ ዘመዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙት ያኔ ነው፤ እርስ በርስ መደማመጥ ካልቻሉ ለምን ተጠሩ? ተራ ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት ወደ 60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይጠጋል። ሙዚቃው ከዚያ ካለፈ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጎረቤቱም ይከተለዋል፣ ዲጄው ደግሞ ጫጫታውን ሰምቶ ይጨምራል። ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም ሰው በጫጫታ መካከል ድምፁን ሳያስበው እንደሚያነሣ ከመቶ ዓመት በፊት አስተውሎ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጭኜ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞርሁ እለካ ነበር። አንዳንዱ ሳቀብኝ፤ ይሁን። ለጭፈራው ሰዓትም ይኸው መለኪያ ጠቅሞኛል፤ የ85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት፣ የ100 ዴሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው ለጆሮ የሚመከረው።

ሁለት ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎችን ከፊት ደርድሮ መልቀቅ የተለመደ ነው። ያኔ ከፊት ያሉት ይደነቁራሉ፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው መውረዱ ያንሳል እንጂ አይቀርም። ትናንሽ ማጉያዎችን በየቦታው በትነን ሁሉንም ዝቅ አደረግናቸው። አዛውንቶቹንም ከማጉያ አራቅን። ሙከራውን በባዶ አዳራሽ ለሚያደርግ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፣ ሰው ሲሞላበት ገላና ልብሱ ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል። ስለዚህ በዋዜማው የተስተካከለው ሁሉ እንግዳ ከገባ በኋላ እንደገና መታየት አለበት።

ጭፈራን የሚገድለው ባዶ ወለል ነው። ሰፊ ቦታ ከተውንለት ሃያ ሰው ወጥቶም ባዶ ይመስላል፤ ስለዚህ ጠረጴዛዎቹን አስጠግተን ቦታውን አጠበብነው፤ ከበላዩ ያለውንም መብራት አደበዘዝን። በደማቅ ብርሃን ሥር ማንም መጀመሪያ መነሣት አይወድም። ከእህቴ ጓደኞች ጥቂቶቹ በመጀመሪያው ዘፈን እንዲወጡ አስቀድሜ ለምኜ ነበር። ቅደም ተከተሉን ደግሞ በዕድሜ አደረግሁት፤ ቀድመው የሚሄዱት ትልልቆቹ ናቸውና የእነርሱ ወጣትነት ዘፈኖች ቀደሙ። ወጣቱ እስከ መጨረሻው ይቆያል፣ ይታገሣል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 ምት አካባቢ ተነሥቶ ወደ 120ና ከዚያ በላይ ወጣ፤ በየመሃሉም ላብ የሚያስጠርግ ለስላሳ ዘፈን ገባ።

መድረክ መሪውን በተመለከተ ጨካኝ ነበርሁ። ሙዚቃ ላይ የሚናገር መድረክ መሪ አልወድም፤ ቀልድ የሚያበዛውን ደግሞ ጨርሶ። ንግግሮቹ ሁሉ ከጭፈራው በፊት አለቁ፤ ከዚያ በኋላ ማይክሮፎኑ ተዘጋ። የሞቀን ጭፈራ ለፎቶ ብሎ ማቋረጥ የለም አልሁ። ለተናጋሪዎቹ የነገርኋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋት፣ ከማጉያው ፊት አለመቆም። ከፊቱ ከቆሙ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባና ማፏጨት ይጀምራል።

ዲጄው ከአንድ ሰው በስተቀር ትእዛዝ እንዳይቀበል በውላችን ላይ ጻፍን፤ ያም ሰው እኔ ነበርሁ። እንግዳ የዘፈን ጥያቄ ሲያመጣ ወደ እኔ ይላክ ነበር። የማይዘፈኑትንም ዝርዝር ሰጠሁት፤ ይህ ከሚዘፈኑት ዝርዝር ይበልጥ ጠቅሞኛል፤ በግጥማቸው ስለ መለያየት የሚያለቅሱ ግን ዜማቸው የሚያስጨፍር ዘፈኖች ብዙ ናቸውና። አዳራሹ የሚዘጋበት ሰዓት ሲቃረብ ዜማው ቀዘቀዘ፣ መብራቱም ቀስ በቀስ ደመቀ፤ ማንንም «ውጡ» ማለት አላስፈለገም። የመጨረሻውን ዘፈን ለሙሽራው ተውሁለት። ማንም የማያውቀውን መረጠ፤ ከዝግጅቱ ሁሉ የእርሱ ድርሻ ያ ብቻ ስለነበር አልተከራከርሁትም።